አንድ ቋጠሮ፣ ሁለት ቋጠሮ

አባዬ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን ቤታችን ውሃ ጠፋ። ከተማው ውሃ አጥቶ አልነበረም። ፈረቃው የእኛ ሰፈር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆጣሪው አጠገብ ቧንቧው ሲያፏጭ አድሯል። ሮቶው ግን ባዶ ነው፤ በጣት ሲመቱት እንደ ከበሮ ይጮኻል። ድንኳኑ ለቀስተኛ ሞልቶታል፤ ጓሮ የእድር ሴቶች ብረት ድስት ጥደዋል፤ የታጠበውና ያልታጠበው ሳህን ተደበላልቋል። እማዬ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ቀና ብላ "ውሃው ምን ሆነ?" አለች። ያንን ጥያቄ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጠየቀችው አንድ ሰው ብቻ ነበር። መልስ የሚሰጣት አጥታ ዞር ዞር ስትል ሳያት ቀብሩ ላይ ያልመጣው እንባዬ መጣ።

ከቤቱ ጀርባ፣ ሮቶው ከተሰቀለበት ብረት ሥር፣ አምስት ቫልቮች አሉ። አባዬ የእያንዳንዳቸው አንገት ላይ የጨርቅ ቁራጭ አስሮበታል። ሁለቱ ነጭ፣ ሦስቱ ቀይ፤ ጨርቆቹም ቋጠሮ ቋጠሮ አላቸው፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ይህን የምናገረው ዛሬ ስለማውቀው ነው። ያን ቀን የታየኝ አምስት ቡትቶ ብቻ ነበር። ፀሐይ ቀዩን አንጥታው፣ አቧራ ነጩን አጥቁሮት፣ ሁሉም ሻይ የፈሰሰበት ጨርቅ መስለዋል። ወንድሜ አንዱን ዘጋ፣ አጎቴ ሌላውን ከፈተ፤ ጓዳ ጠብ ጠብ ትል የነበረችውም ቀጥ አለች።

አንድ ወጣት የቧንቧ ሠራተኛ ተጠራ። ጨርቆቹን አይቶ "ማዘር፣ እነዚህ ቋጠሮዎች ምን ማለት ናቸው?" አላት።

"እኔ ምኑን አውቄው ልጄ፤ እሱ ነው የሚያውቀው።"

የሚያውቀው ነው ያለችው። ያውቅ ነበር አላለችም።

ልጁ አልተቻኮለም። የካቻቢቴውን ጫፍ ቧንቧው ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ አዳመጠ። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ በመዳፉ እየያዘ የቱ እንደቀዘቀዘ ለየ። ከዚያ አንዱን ቋጠሮ በጥፍሩ አላልቶ ፈታው። የቋጠሮው ሆድ እንደ በርበሬ ቀይ ነው! ፀሐይ ስላላገኘው ጨርቁ ከሱቅ የወጣ ዕለት የነበረውን ቀለም እንደያዘ ተቀምጧል። ሌላውን ፈታ፤ ውስጡ ነጭ። በአንድ ሰዓት ውስጥ የአባዬን ጽሕፈት አነበበልን። ነጭ ከመንገድ የሚገባው ውሃ ነው፤ ቀይ ከሮቶ የሚወርደው። ነጭ አንድ ቋጠሮ ውሃውን ወደ ሮቶ ያወጣል፤ ነጭ ሁለት ቋጠሮ ሮቶውን ትቶ በቀጥታ ወደ ቤት ያስገባል። ቀይ አንድ ጓዳ ነው፤ ቀይ ሁለት መታጠቢያ ቤቱና ቦይለሩ። ቀይ ሦስትን ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ተዘግቶ የተገኘው ነጭ አንድ ቋጠሮ ነበር። የሮቶው ተንሳፋፊ ኳስ ከተበላሸ ሰንብቷል። አባዬ ወደ ሆስፒታል ሊሄድ ከቤት ሲወጣ፣ ሞልቶ እንዳይፈስ ዘግቶት ነው የሄደው።

ከዚያ ወዲህ ቧንቧ ላይ የተጻፈ ነገር ባየሁ ቁጥር ቆሜ አነባለሁ። የኮንዶሚኒየም ቆጣሪዎች ምድር ላይ ተደርድረው፣ የየቤቱ ቁጥር በየባለቤቱ እጅ በዘይት ቀለም ተጽፎባቸው አያለሁ። አንዱ ሰባትን አሳምሮ ይጽፋታል፤ የሌላው ሰባት ከአንድ አትለይም። ቆጣሪው ራሱ ሆዱ ላይ ቀስት አለው፤ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ፣ ከነሐሱ ጋር አብሮ የፈሰሰ ቀስት። ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደው ቫልቭም እንዲሁ። ሠላሳ ዓመት መሬት ውስጥ የኖረ ቫልቭ ጭቃውን ጠርገው ቢያዩት ቀስቱ በጣት ይዳሰሳል። ከብረቱ ጋር የተወለደ ምልክት ነውና ማን ያነሳዋል?

እኛ ግን ከዚያ ቀን በኋላ ምልክታችንን ያደረግነው በማርከር ነው። ልጁ ከመሄዱ በፊት ከኪሱ ጥቁር ማርከር አውጥቶ፣ አረንጓዴው ፒፒአር ቧንቧ ላይ "ሮቶ"፣ "ጓዳ"፣ "ሻወር" ብሎ ጻፈልን። ያ የሆነው በ2009 ነው። የ2010 ክረምት ሲወጣ ሄጄ ባየው "ሻወር" ጠፍቷል፤ "ጓዳ" ላይ የቀረችው የ"ጓ" እግር ብቻ ናት። በጣቴ ባሻት እሷም ለቀቀች።

ምክንያቱን ሳጠና ቆየሁ። የማርከሩ ጥፋት ግማሹ ብቻ ነው። ፒፒአር የሚሠራበት ፕላስቲክ ፖሊፕሮፒሊን ይባላል፤ ምንም ነገር የማያስጠጋ ዘር ነው። ሙጫ አይዘውም፣ ቀለም አይጠጣም። የቧንቧ ሠራተኞች ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ ነጩን ፒቪሲ በሙጫ ሲገጥሙ ፒፒአርን ግን በ260 ዲግሪ ማሽን አቅልጠው አንዱን በሌላው ውስጥ የሚያጣብቁት፣ የሚይዘው ሙጫ ስለሌለ ነው። ሙጫ የናቀ ቧንቧ ማርከርን ከየት ያከብራል?

የብረት ቧንቧ ይሻላል ብሎ የሚያስብ ሰው አለ፤ እሱም የራሱ ጠባይ አለው። አዲስ የጋልቫናይዝድ ብረት በዚንክ የተለበጠ ነው። የዘይት ቀለም በቀጥታ ሲቀቡት ዚንኩና ዘይቱ ከሥር ይዋሃዱና ሳሙና መሰል ነገር ይሠራሉ፤ ከዓመት በኋላ ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ይነሳል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ፣ በአቼቶ ወልውሎ፣ አጥቦና አድርቆ የቀባው ሰው ግን ቀለሙ ይቆይለታል። የሰላጣ አቼቶ የቀለም ቀቢ መሣሪያ መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

ፕላስተርስ? ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ግድብ፣ አለዚያም ከአቃቂ ጉድጓዶች መሬት ለመሬት ተጉዞ የመጣ ውሃ ቀዝቃዛ ነው። በክረምት እርጥብ አየር ቧንቧው ያልበዋል፤ ላቡ ከፕላስተሩ ሥር ይገባል። በቦይለሩ በኩል ደግሞ ሙቀቱ ሙጫውን ያቀልጠዋል። አንድ የረዳኝ ነገር አለ። ፕላስተር ከቧንቧው ይልቅ ራሱን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ቁራጭ ለጥፎ ከመተው፣ ቧንቧውን ዙሪያውን ጠምጥሞ ጫፉን በራሱ ጀርባ ላይ ማሳረፍ ዕድሜውን በብዙ ያረዝመዋል። ቤት ውስጥ፣ ጥላ ያለበት ቦታ፣ ከላቫንዲኖ ሥር ይህ ይበቃል።

ደጅ ግን ፀሐይ አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እዚህ ከፍታ ላይ ቀለም የሚያጠፋው ጨረር ይበረታል። እስኪ የሱቅ ሰሌዳዎችን ተመልከቱ፤ ቀዩ ቀድሞ ይሄዳል፣ ጥቁሩ ይቀራል። ሙቅ ውሃን በቀይ መጻፍ የዓለም ልማድ ነው፤ ፀሐይ ላይ ቀድሞ የሚጠፋው እንግዲህ ከሁሉ በላይ ማስጠንቀቅ ያለበት ጽሑፍ ነው ማለት ነው። የብዙ ማርከሮች ጥቁርም ቢሆን በአልኮል የሟሟ ማቅለሚያ ነው፤ እውነተኛ ጥቁር አይደለም።

እውነተኛውን ጥቁር የሚያውቁት የብራና ጸሐፊዎቻችን ናቸው። የእነሱ ጥቁር ቀለም ዋናው ነገር ጥላሸት ነው፤ ከድስት ቂጥ የተፋቀ፣ ተደቁሶ፣ ተበጥብጦ፣ ከርሞ የተዘጋጀ። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ብርሃን የሚያጠፋው ነገር የለውም። በየገዳማቱ ከ500 ዓመት በላይ የቆዩ መጻሕፍት ጥቁራቸው ትናንት እንደተጻፈ የሚሆነው ለዚህ ነው። ቀዩ፣ የቅዱሳን ስም የሚጻፍበት፣ የሚተርፈው መጽሐፉ ተዘግቶ በማኅደሩ ስለሚኖር ጭምር ነው፤ እንደ አባዬ ቋጠሮ ሆድ። የእርሳስ ጥቁርም የዚያው የካርቦን ዘመድ ነው። በእርሳስ የተጻፈ ሰሌዳ ዝናብ ካላጠበው ወይም እጅ ካልፈገፈገው በቀር ፀሐይ አታስለቅቀውም።

ፕላስቲክን በተመለከተ ግን መልሱን ያገኘሁት ከቦኖ ወረፋ ነው። ጀሪካንም የዚያው የማያስጠጋ ፕላስቲክ ዘመድ ነው። ሴቶቹ ጀሪካናቸው ከሌላው እንዳይለዋወጥ ምን ያደርጋሉ? ማርከር አይሞክሩም። ሚስማር ከከሰል ምድጃ ውስጥ ያግሉና ስማቸውን፣ ወይም መስቀል፣ ወይም ሁለት ሰረዝ ይተኩሱበታል፤ ገበሬ ከብቱን እንደሚተኩሰው። ቀለሙ ሳይሆን ፕላስቲኩ ራሱ ስለሚቆስል ጽሑፉ ጀሪካኑ እስኪሰነጠቅ አይጠፋም። እጀታው ላይ ጨርቅ የሚያስሩም አሉ። አባዬ ልጅ ሳለ ውሃ ከቦኖ ይቀዳ ነበር፤ ጨርቅና ቋጠሮውን ከየት እንዳመጣው የገባኝ እዚያ ወረፋ አጠገብ ቆሜ ነው።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ቧንቧውን ራሱን እንዳትተኩሱት። ግፊት የሚሸከም ግድግዳ ነው፤ የጋለ ሚስማር የነካው ቦታ አንድ ሌሊት ይከዳል። የሚተኮሰው ሌላ ቁራጭ ነው፤ ከተጣለ ጀሪካን ተቆርጦ፣ ተበስቶ፣ ቫልቩ አንገት ላይ የሚንጠለጠል።

እኔ በመጨረሻ የመረጥኩት አሉሚኒየም ነው፤ ጀሪካን ደጅ ሲሰነብት ፀሐይ ታደርቀውና ይፈረፈራል። ባዶ የቢራ ጣሳ በመቀስ ቆረጥኩ፤ እጅ እንዳይቆርጥ ጠርዙን ወደ ውስጥ አጠፍኩ፤ በታጠፈ ጋዜጣ ላይ አጋድሜ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ በኃይል ተጭኜ ጻፍኩ። ፊደሉ ሰርጎ ይቀራል። ምንም ቀለም የለበትም፤ ሊገረጣ የሚችል ነገር የለውም። ማሰሪያው ላይ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ባዶ የመዳብ ሽቦ ጋልቫናይዝድ ቧንቧ ላይ ታስሮ እርጥበት ሲያገኘው ዚንኩን ይበላዋል። ልብሱ ያልተገፈፈ የኤሌክትሪክ ሽቦ ቁራጭ ግን ምንም አያደርግም።

በየሰሌዳው ጠርዝም በሚስማር ቀዳዳ በሳሁ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። እማዬ የቋጠሮውን ቁጥር ለምዳዋለች፤ ማታ መብራት ሲጠፋ በጣቷ ትቆጥራለች።

እስካሁን የተናገርኩት ጽሑፉ እንዳይጠፋ ነው። ከዚያ የሚከብደው ግን ትርጉሙ እንዳይጠፋ ማድረግ ነው፤ የአባዬ ቋጠሮዎችም የጎደላቸው ይህ ነበር። ጨርቁ ቆይቷል፣ ቋጠሮው ቆይቷል፤ የሚያነበው ሰው ነው የሄደው። አንድ ዘመዴ ቤት "የአልማዝ" ተብሎ በቀለም የተጻፈበት ቧንቧ አለ። አልማዝ የምትባል ተከራይ ነበረች፤ ከወጣች ብዙ ዓመት ሆኗታል፤ ክፍሉም ፈርሶ ሱቅ ሆኗል። ሌላ ቤት "አዲሱ መስመር" የሚል አይቻለሁ። መስመሩ ዝጎ ውሃው ቡናማ ሆኗል፤ ስሙ ግን እንደ አዲሱ ገበያ ሰፈር አዲስ እንደተባለ ይኖራል። "ላይኛው ቤት" ተብሎ የተጻፈ ደግሞ አለ፤ ሌላ ፎቅ ተጨምሮበት ላይኛው መካከለኛ ሆኗል። ስለዚህ የሰው ስም፣ "አዲስ"፣ "ላይኛው" የሚሉት ቃላት ቧንቧ ላይ ባይጻፉ እመርጣለሁ። ከየት ተነስቶ የት እንደሚደርስ፣ ወዴት እንደሚፈስ፣ ሲዘጋ ምን እንደሚቆም፣ ይኸው ይጻፍ። የእኔ አንዱ ሰሌዳ እንዲህ ይላል፦ "ከሮቶ ወደ ጓዳ። ይህን ሲዘጉ የጓዳ ውሃ ብቻ ይቆማል። ጥር 2011።"

አሜሪካኖች ለፋብሪካ ቧንቧዎች ኤ13.1 የሚባል ደረጃ አላቸው። ሲጨመቅ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ ውስጡ ያለውን በቃል ጻፍ፣ አቅጣጫውን በቀስት አሳይ፣ ጽሑፉን ቫልቩ አጠገብ፣ ቧንቧው የሚታጠፍበትና ግድግዳ የሚገባበት ቦታ ላይ አድርግ። ቀለም አላቸው፤ ግን ቀለሙን ብቻውን አላመኑትም። ካሊፎርኒያ ውስጥ በኢርቫይን አካባቢ፣ ታክሞ ለአትክልት የሚመለሰውን ፍሳሽ ውሃ ከሚጠጣው ለመለየት ሐምራዊ ቧንቧ መጠቀም ጀመሩ፤ ልማዱ ከዚያ ተዛመተ። በእኛም ሰፈር የጣራ ዝናብ በሁለተኛ ሮቶ የሚያጠራቅሙ ቤቶች በዝተዋል። ለልብስና ለአትክልት ጥሩ ውሃ ነው። ከዚያ ሮቶ በሚወርደው ቧንቧ ላይ ግን "የዝናብ ውሃ፣ አይጠጣም" ብሎ በጉልህ መጻፍ ግዴታ ይመስለኛል፤ ለቤቱ እንግዳ የሆነች ሠራተኛ ወይም ተከራይ ሁለቱን ሮቶ በምን ትለያቸዋለች?

ፊደልም ቢሆን ያታልላል። አያቴ የኖረችበት አሮጌ ቤት መታጠቢያው ላይ የጣሊያን ቧንቧ ነበረው፤ በአንዱ እጀታ ላይ "ሲ" የምትለዋ የላቲን ፊደል፣ በሌላው ላይ "ኤፍ"። በእንግሊዝኛ የተማርን ልጆች "ሲ"ን ቀዝቃዛ ብለን እናነባት ነበር። ጣሊያንኛ ግን ሙቁን ካልዶ፣ ቀዝቃዛውን ፍሬዶ ይላል። የአጎቴ ልጅ እጇን የተቃጠለችው በዚያ ፊደል ነው። ፊደሉ ነሐስ ላይ ተቀርጾ ስልሳ ዓመት አልጠፋም፤ አንባቢው ነው የተለወጠው። አያቴ በአማርኛ "ሙቅ" ብላ በወረቀት ጽፋ ለጥፋበት ነበር፤ ወረቀቱን እንፋሎቱ በሳምንቱ ያነሳዋል፤ እሷም በሳምንቱ መልሳ ትጽፋለች።

አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ሲያማክረኝ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ቧንቧው በልስን ከመሸፈኑ በፊት ሜትር አስደግፋችሁ ፎቶ አንሱ፤ ፎቶውን አሳትማችሁ ከካርታው ጋር አስቀምጡት። ስልክ ይሰረቃል፣ ይሰበራል። ሠራተኛው ፒፒአሩን ሲገጥምም የፋብሪካው ጽሑፍ ወደ ፊት እንዲዞር ጠይቁት። ውፍረቱ፣ ፒኤን 20 መሆን አለመሆኑ፣ ቀይ ወይም ሰማያዊ መስመሩ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ታትሟል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ግድግዳው ዞሮ ይገጠማል።

ወደ ቀይ ሦስት ቋጠሮ ልመለስ። ያ ልጅ ያን ቀን ዘግቶት ሁሉንም ቧንቧ ከፈተ፤ የቀነሰ ነገር የለም። ከዚያም ወዲህ ሁለት ሌሎች ባለሙያዎች ሞክረዋል። ቫልቩ በደንብ ይዞራል፤ ተቀብቶ፣ ተንከባክቦ የኖረ ነው። ቧንቧው ከግቢው ሲሚንቶ ሥር ይገባል፤ የት እንደሚወጣ አልታወቀም። እማዬ ድሮ ከጓሮው የነበረውን የጽጌረዳ መደብ ያጠጣ ነበር ትላለች፤ አጎቴ የለም፣ ሳይጨርሰው ለቀረው ሰርቪስ ቤት ያዘጋጀው ነው ይላል። ለእሱም ሰሌዳ ሠርቼ ሦስት ቀዳዳ በስቼበታለሁ። ላዩ ላይ የጻፍኩት "ከሮቶ። ወዴት እንደሚሄድ አልታወቀም። ተዘግቶ ይቆይ" የሚል ነው። ጨርቁን አላነሳሁትም፤ ከሰሌዳው ሥር እንደታሰረ አለ።

አባታችሁ በሕይወት ካሉ፣ በዚህ ቅዳሜ ከቤቱ ጀርባ አብራችኋቸው ውጡ። እያንዳንዱን ቫልቭ እያዞሩ ይንገሯችሁ፤ እናንተ ጻፉ።